የቶርኔዶ አሳዳጆችን ላይቭ ከባህር ዳር ሆኖ ማየት፦ ዳታውም እንቅልፉም ያዋጣል ወይ?

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ፣ አዎ ያዋጣል፣ ግን እንዴት እንደምታዩት ይወስነዋል። እኛ ሀገር ብዙ ሰው ቶርኔዶን፣ ከነጎድጓድ ደመና እስከ መሬት የሚወርደውን ሽክርክሪት ነፋስ ማለቴ ነው፣ የሚያውቀው በቲክቶክ ቁራጭ ቪዲዮ ነው፣ ጥቁር ነገር ይሽከረከራል፣ አንዱ በእንግሊዝኛ ይጮሃል፣ ጣራ ይነቀላል፣ አለቀ። እኔ ሪቪው የማረገው እሱን አይደለም። አሳዳጆቹ ራሳቸው እዛ አሜሪካ ሜዳ ላይ መኪና እየነዱ ዩቲዩብ ላይ በቀጥታ የሚለቁትን ረጅሙን ላይቭ ነው፣ እነ ሪድ ቲመር የሚሰሩትን፣ ወይ ደግሞ እንደ ርያን ሆል ስቱዲዮ ቁጭ ብሎ የብዙ አሳዳጆችን ካሜራ ባንድ ስክሪን ደርድሮ ራዳሩን እያሳየ የሚያስረዳውን። ሁለቱም በነፃ ነው የሚታዩት፣ የምትከፍሉት ዳታና እንቅልፍ ነው።

እንቅልፉን አስቀድሜ ልናገር ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚተወው። ኦክላሆማና ካንሳስ በዛ ወቅት ከኛ 8 ሰአት ወደ ኋላ ናቸው። ደመናው ደግሞ የሚፈነዳው መሬቱ ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ከዋለ በኋላ ስለሆነ እነሱ ጋ ከቀኑ 10 ሰአት ሲል እኛ ጋ እኩለ ሌሊት ነው። ዋናው ነገር በአብዛኛው ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰአት ባለው ውስጥ ያልቃል። ወቅቱ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ ነው፣ ግንቦት ላይ ደቡቡ ሜዳ ይሞቃል፣ ሰኔ ሲገባ ወደ ነብራስካና ወደ ዳኮታዎቹ ይወጣል። ጠዋት ስራ ያለው ሰው በየቀኑ አይችለውም፣ መሞከርም የለበትም። እኔ የማረገው የነሱ የአየር ትንበያ ማዕከል፣ ኖርማን ኦክላሆማ ያለው ማለቴ ነው፣ ቀን ቀን የሚያወጣውን ካርታ አያለሁ። ወጀቡ ምን ያህል እንደሚያሰጋ በአምስት ደረጃ የሚያሳይ ካርታ ነው፣ ከሶስተኛው ደረጃ በታች ከሆነ እተኛለሁ፣ አራትና አምስት ከሆነ ቡና ይፈላል።

ዳታን በተመለከተ 720 ላይ ካያችሁት በሰአት ከ1 ጂቢ በላይ ይበላል፣ 480 ላይ ግማሽ ጂቢ አካባቢ ነው። የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ 480 ላይ አርጉት፣ ይበቃል። ከዛ በታች ስታወርዱት ግን ደመናው ሁሉ አንድ ግራጫ ጨርቅ ይሆንና ምኑ የቱ እንደሆነ አይለይም፣ ያኔ ማየቱ ትርጉም የለውም። መብራት ይጠፋልና ፓወር ባንካችሁን ሙሉት። ኔት ከተቆራረጠ ደግሞ አትናደዱ፣ ብዙዎቹ ላይቩን መልሰው ሙሉውን ስለሚያስቀምጡት በማግስቱ ካቆማችሁበት ማየት ይቻላል።

አሁን ወደሚወደደው ነገር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ሰአታት ምንም የለም። ምንም! ሰውዬው ይነዳል፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ ጠጠር መንገድ ዳር መኪናውን አቁሞ ሰማይ ያያል፣ ደረቅ ሳንድዊች ይበላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይወጣል፣ እኔ ግን የላይቩ ትልቁ ዋጋ ያለው እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም እየጠበቀ የሚያወራው ነገር ነው ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ የሚያስገባችሁ። ከደቡብ ከሜክሲኮ ባህረ ሰላጤ እርጥብና ሞቃት አየር ይገባል። ከምዕራብ ከበረሃውና ከተራራው በኩል ደረቅ አየር ይመጣል። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ላይ እርጥቡ አየር ወደ ላይ መውጣት ይፈልጋል፣ ግን ከላይ ሞቅ ያለ የአየር ንጣፍ ተኝቶበት ያፍነዋል። አሳዳጁ ሰአቱን ሁሉ የሚጠብቀው ይሄ ክዳን የሚከፈትበትን ቦታ ነው። ካልተከፈተ 600 ኪሎ ሜትር ነድቶ ፀሀይ ስትጠልቅ አይቶ ይመለሳል፣ ይሄም ብዙ ጊዜ ይሆናል። ከተከፈተ ደግሞ ባዶ ከነበረው ሰማይ ላይ በአንድ ሰአት ውስጥ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ቁመት ያለው ደመና ይቆማል፣ ያንን በቀጥታ ማየት በቃ ሌላ ነገር ነው።

ዝናብና ነጎድጓድ ብቻውንማ እኛም ጋ ሞልቷል። ልዩነቱ ነፋሱ ላይ ነው። እዛ ከታች ከደቡብ ምስራቅ ይነፍሳል፣ ከላይ ደግሞ ከምዕራብ በጣም ፈጣን ነፋስ ይሄዳል፣ በዚህ ልዩነት ምክንያት መሀል ያለው አየር በአግድሙ ይሽከረከራል፣ ከዛ ወደ ላይ የሚወጣው ሞቃት አየር ያንን ሽክርክሪት ብድግ አርጎ ያቆመዋል። እንደዚህ ሙሉ በሙሉ የሚዞረውን ደመና ሱፐርሴል ይሉታል። ካሜራው ወደላይ ሲዞር ደመናው በሙሉ፣ አስር ምናምን ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ነገር፣ ቀስ ብሎ ሲዞር ይታያል። ከስሩ ዎል ክላውድ የሚባለው ዝቅ ያለ ደመና ይንጠለጠላል፣ ከዛ ነው ቶርኔዶው የሚወርደው። ሁሉም ሱፐርሴል ቶርኔዶ አያወጣም፣ አብዛኛው አያወጣም፣ ለምን አንዱ አውጥቶ ጎረቤቱ እንደማያወጣ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው እስካሁን የሚከራከሩበት ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር። ሀይቁ ዳር ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልሱ የጀልባ ነጂ አሉ፣ እድሜ ልካቸውን ጣና ላይ የኖሩ። ስልኬ ላይ የተቀመጠ ላይቭ እያየሁ አጠገቤ ቁጭ ብለው ነበርና አሳየኋቸው። እኔ የጠበቅኩት ጉድ ነው ምናምን እንዲሉ ነው። እሳቸው ግን ቶርኔዶውን ትንሽ አዩትና ዓይናቸውን ወደ ሳሩ አወረዱ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ነፋሱን በየት በኩል ነው የሚስበው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ከሰውዬው ጀርባ ነው የሚመጣው፣ አዩት ሳሩ ወደዛ ተኝቷል።»

«እንግዲያስ አዋቂ ነው። ነፋስ ከጀርባ እየመታህ ፊት ለፊት ከጠቆረ፣ ወጀቡ ገና እየበላ ነው ማለት ነው። ነፋሱ ዞሮ ፊትህን ሲመታህ ነው መሮጥ።»

እኔ ይሄን ነገር ከላይቭ ለመማር ስንት ሌሊት ነው የፈጀብኝ። አሳዳጆቹ በአብዛኛው ከደመናው ደቡብ ምስራቅ ነው የሚቆሙት፣ ምክንያቱም ደመናው ብዙ ጊዜ ወደ ሰሜን ምስራቅ ይሄዳል፣ ከባዱ ዝናብና የእንቁላል ያህል የሚሆነው በረዶ ደግሞ በሰሜን በኩል ነው፣ በደቡብ ምስራቅ ስትቆም የሚሳበው ነፋስ ከጀርባህ ይገባል፣ እይታህም ንፁህ ይሆናል፣ መሸሻ መንገድም ይኖርሃል። እና ነፋሱ ድንገት ከዞረ፣ ከደመናው ጀርባ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ደርሶብሃል ማለት ነው፣ ተነስ። ጋሼ አንድም ራዳር ሳያዩ ነው የነገሩኝ።

ስለ ቀረፃው ጥራት። ከመኪና ዳሽቦርድ የሚቀረፀው ጥሩ ነው ግን ዝናብና የመስታወት መጥረጊያው ያበላሸዋል። ትልቁ ለውጥ ድሮን ነው። አመቶቹን በፈረንጅ ልጻፈውና፣ ኤፕሪል 29 ቀን 2022 አንዶቨር ካንሳስ ላይ ሪድ ቲመር በድሮን የቀረፀውን ያላያችሁ ካላችሁ እሱን ቅድሚያ ስጡት። ቶርኔዶው ከተማ ውስጥ ሲገባ ከጎኑና ከላዩ ነው የሚያሳየው፣ ከመሬት ሲያዩት አንድ ወፍራም ምሰሶ የሚመስለው ነገር ውስጡ ብዙ ትንንሽ ሽክርክሪቶች እንዳሉት፣ አንዱ ቤት እንዳልነበረ ሲሆን አጠገቡ ያለው ለምን እንደተረፈ፣ ከዛ ከፍታ በደንብ ይገባችኋል። ሌላው ሜይ 21 ቀን 2024 አይዋ ውስጥ የተቀረፀው ነው፣ ግሪንፊልድ የምትባለውን ትንሽ ከተማ የመታው። እነዛ ግዙፍ የነፋስ ተርባይኖች እየታጠፉ ሲወድቁ፣ አንዱም በእሳት ተያይዞ ሲጨስ ይታያል። ያኔ በመኪና ላይ የተጫነ ራዳር ይዘው ቅርብ የነበሩ ተመራማሪዎች በሰአት ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነፋስ ለክተዋል። አዳማ ሲያልፍ የነፋስ ተርባይን አይቶ የሚያውቅ ሰው የዛን ክብደት ያስበው።

ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። የስልክ ስፒከር ታችኛውን ድምፅ አያወጣም። ፊልም ላይ እንዳለው የሚያጓራ ነገር አይደለም፣ ክረምት ላይ ጢስ አባይ ሲሞላ ገና ሳትደርሱበት ከሩቅ የምትሰሙት ያ የማያቋርጥ ግምምታ አለ አይደል፣ እሱ ነው፣ አሳዳጆቹም ራሳቸው ብዙ ጊዜ ፏፏቴ ነው የሚሉት። አንድ ጥሩ አሳዳጅ እዚህ ጋ ዝም ይላል። ቲመር ዝም አይልም፣ ይጮሃል፣ ሰውዬው ግን በሜትሮሎጂ ከኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ያለው ነው፣ እየጮኸም የሚናገረው ነገር ትክክል ነው፣ አቅጣጫውን፣ ፍጥነቱን፣ የትኛው ከተማ መጠለያ መግባት እንዳለበት ይናገራል። ለኔ ለጆሮዬ ይከብደኛል፣ የሚወደው ብዙ ነው።

ላይቭ ማየት ከመጀመራችሁ በፊት ይሄን እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ሜይ 31 ቀን 2013 ኤል ሪኖ ኦክላሆማ ላይ የወረደው ቶርኔዶ ስፋቱ 4.2 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር፣ እስካሁን ከተመዘገቡት ሁሉ ሰፊው ነው። ይሄን ያህል ሲሰፋ ቶርኔዶ አይመስልም፣ ካሜራ ውስጥ አይገባም፣ ዝናብ ሸፍኖታል፣ ከፊት ለፊት ያለው ጥቁር ግድግዳ ዝናብ ነው ብላችሁ ታልፋላችሁ። ድንገት አቅጣጫ ቀየረ፣ ፈጠነ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሰፋ። ቲም ሳማራስ፣ ልጁ ፖል ሳማራስና ጓደኛቸው ካርል ያንግ እዛ ሞቱ። ቶርኔዶ ሲያሳድዱ በቶርኔዶው የሞቱ የመጀመሪያዎቹ አሳዳጆች ተብለው ነው የሚታወቁት። ሳማራስ ለመታየት የሚሮጥ ሰው አልነበረም፣ ጥንቁቅ የሚባል፣ መሳሪያ በእጁ የሚሰራ መሀንዲስ ነበር። በ2003 ማንቸስተር የምትባል የደቡብ ዳኮታ መንደር አጠገብ መሬት ላይ የሚለጠፍ ትንሽ መለኪያ ቶርኔዶው መንገድ ላይ አስቀምጦ ሄደ፣ ቶርኔዶው በላዩ አለፈ፣ መሳሪያው የአየር ግፊቱ በ100 ሚሊባር ሲወርድ መዘገበ። እንደዛ አይነት ልኬት ከዛ በፊት ማንም አልነበረውም። ይሄን ሰው የገደለው ልምድ ማጣት አይደለም። ስለዚ ላይቭ ላይ ቶርኔዶው አፍ ውስጥ የሚገባ ወጣት ስታዩ ጎበዝ ብላችሁ ቻት ላይ አታጨብጭቡ፣ ወጥታችሁ ሌላ ላይቭ ክፈቱ። እኔ አሳዳጅ የምመርጥበት ዋናው መስፈርት ይሄ ነው፣ ርቀቱን የሚጠብቅ፣ መሸሻ መንገዱን ለተመልካች አስቀድሞ የሚናገር፣ ቤት ከፈረሰ ካሜራውን አስቀምጦ ሰው የሚያወጣ።

አንዳንድ ሰው «እና ይሄ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል፣ ራዳር እያለ» ይለኛል። ራዳር ሁሉን አያይም። ጨረሩ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ መሬት ደግሞ ክብ ናት፣ ስለዚ ከራዳሩ 100 ኪሎ ሜትር ከራቅክ ጨረሩ ከመሬት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቶ ነው የሚያልፈው፣ ከስሩ ምን እንደወረደ አያውቅም። ደመናው እየዞረ መሆኑን ያያል፣ መሬት መንካቱን ግን ቆሞ የሚያይ ዓይን ነው የሚያረጋግጠው። ማስጠንቀቂያ ደግሞ በአማካይ ከሩብ ሰአት አይበልጥም፣ አንዳንዱ ሰው እንኳን ሩብ ሰአት አምስት ደቂቃም አያገኝም። አሳዳጁ «መሬት ነክቷል፣ እዚህ መገናኛ መንገድ ላይ ነው» ብሎ ሲደውል ያ አንድ ስልክ የሆነ ቤት ውስጥ ያለች እናትን ልጆቿን ይዛ ምድር ቤት እንድትገባ ያደርጋታል። ላይቩን በቁም ነገር የማየው ለዚህ ነው። በ2013 ሙር ኦክላሆማ ላይ በቶርኔዶ 24 ሰው ሞቷል፣ በ2011 ጆፕሊን ሚዙሪ ላይ ከ150 በላይ።

በነገራችን ላይ ኢኤፍ የሚባለውን የቶርኔዶ ጥንካሬ ደረጃ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ከ0 እስከ 5 ነው፣ የሚሰጠውም በነፋስ መለኪያ ሳይሆን በኋላ ባለሙያ ሄዶ የፈረሰውን አይቶ ነው። ለዛ ነው ኤል ሪኖ ያን ሁሉ አክሎ ኢኤፍ 3 የተባለው፣ አብዛኛውን ያለፈው በባዶ ማሳ ላይ ነው። ከሙር በኋላ ኢኤፍ 5 ሳይመዘገብ 12 አመት አለፈ፣ በ2025 ኤንደርሊን ሰሜን ዳኮታ ላይ የወረደው እስኪመጣ ድረስ።

የማልወዳቸው ነገሮች አሉ። ቻቱን ዝጉት፣ የሰው ቤት እየፈረሰ የሚስቁ አሉበት። ሌሊት የሚወርድ ቶርኔዶ ላይ ብዙ አትጠብቁ፣ መብረቅ ሲያበራ ብቻ ለቅፅበት ነው የሚታየው፣ ልብ ያስጨንቃል እንጂ ብዙም አያስተምርም። እንግሊዝኛው ፈጣን ነው፣ ጥቂት ቃል አስቀድማችሁ ብትይዙ ይጠቅማል፣ ሁክ ኤኮ ሲሉ ራዳሩ ላይ የሚታየውን መንጠቆ ነው፣ ዴብሪ ቦል ሲሉ ደግሞ ራዳሩ የተነቀለ እንጨትና ቆርቆሮ አየር ላይ እያየ ነው ማለት ነው፣ ያንን ስትሰሙ የሰው ንብረት እየሄደ እንደሆነ እወቁ። ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ግን አሳዳጆቹ ህይወታቸውን አስይዘው የቀረፁትን ቆርጠው፣ ሌላ ድምፅ ለጥፈው፣ «ዛሬ እዚህ ሀገር የሆነ» እያሉ የሚለጥፉ ፔጆች ናቸው፣ አሁን ደግሞ በኤአይ የተሰራው ተጨምሮበታል። ቀንና ቦታ ያልተጻፈበትን፣ ነፋሱ ሁሉን እያነሳ ዛፉና ሳሩ የማይንቀሳቀስበትን አትመኑ፣ ለእናታችሁም አትላኩ።

ይሄን ማየት ከጀመርኩ ወዲህ የራሳችንን ሰማይ በሌላ ዓይን ነው የማየው። በጋ ላይ ሜዳ ላይ አቧራ ይዞ የሚዞረው ነገር ከዚህ ጋር አይገናኝም፣ እሱ ጠራራ ፀሀይ ላይ ከሞቀ መሬት ወደ ላይ የሚነሳ ነው፣ ደመና አያስፈልገውም፣ ቶርኔዶ ግን ከነጎድጓድ ደመና ጋር የተያያዘ ነው። የኛ ትልቁ ትዕይንት ክረምት ላይ ሌሊት ነው። ከሰአት በኋላ ደመናው ጉናና ጮቄ በኩል ተራራው ላይ ይቆማል፣ ማታ ሲሆን መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ጣና ግን ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ነፋሱ ከየዳርቻው ወደ ሀይቁ ይሰበሰባል፣ መሀል ላይ ይገናኝና ወደ ላይ ይወጣል። ባህር ዳር ላይ ከባዱ ዝናብ ብዙ ጊዜ ተኝተን ሳለ የሚመጣው ለዚህ ነው። አሳዳጆቹ ያስተማሩኝን ይዤ በረንዳ ላይ ቆሜ መብረቁ የደመናውን አናት ሲያበራው ወዴት እንደዘመመ አያለሁ፣ ነፋሱ ዞሮ መቀዝቀዙን እጠብቃለሁ፣ ከዛ ዝናቡ ይደርሳል። ይሄን በቁም ነገር የሚቀርፅ ልጅ እዚህ ከተማ ቢነሳ በጣም ነው ደስ የሚለኝ፣ ዩኒቨርሲቲም አለን፣ ሀይቅም አለን፣ ደመናውማ ሞልቷል። ግን እባካችሁ መብረቅ እያለ ጀልባ ላይ ወይ ክፍት ዳርቻ ላይ ቆማችሁ አይሁን፣ በመስኮት በኩልም ይቀረፃል።

ነጥብ ልስጥ ካልኩ፣ የብዙ ካሜራውን ላይቭ ለጀማሪ ከ10 ላይ 9 እሰጠዋለሁ፣ ምክንያቱም ካርታው፣ ራዳሩና ካሜራው አንድ ላይ ስላለ ጠፍታችሁ አትቀሩም። የአንድ አሳዳጅ ላይቭ 8፣ ትዕግስት ላለው ሰው ግን እሱ ይሻላል፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ከጠዋት ትንበያ ጀምሮ ሲወስን፣ ሲሳሳት፣ መንገድ ሲቀይር ሙሉውን ታያላችሁ። የተቆራረጠው ክሊፕ 2፣ እሱም ከነምንጩ ከተለጠፈ ነው። ከልጆች ጋር ከሆነ ቀን ላይ የተቀመጠውን መርጣችሁ፣ ሰው የተጎዳበትን ዘላችሁ አሳዩአቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩ ከሆነ ደግሞ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጀምሩ፣ ኖቲፊኬሽኑን ክፈቱ፣ ካርታው ላይ አራተኛው ደረጃ ከወጣ ከምሽቱ 3 ሰአት ተኝታችሁ 6 ሰአት ላይ አላርም ሙሉ፣ ከዛ በፊት መንቃት ብዙም አያስፈልግም።